ምልክት የሌለው ማሰሪያ

ለውድ ወንድሜ ለሃልቮር፣ ያን ማየን ደሴት፤

እንደምን ሰነበትክ ወንድምዓለም? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ ነፋስ የሚቀሰቅስብህ የጆሮ ሕመም ተወህ ወይስ ዛሬም ጥጥ ወትፈህበት ነው የምትውለው? የአየር ጠባይ ጣቢያው ባልደረቦችህስ ደህና ናቸው? ዳቦው አልነሳ እያለ የሚያስቸግረው ምግብ አብሳያችሁ እጁ ተፈታለት? አውሮፕላኑ ጭጋጉን ጥሶ ማረፍ ከቻለ ይህ ወረቀት በወሩ መጨረሻ እጅህ ይገባል ብዬ አስባለሁ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። በጎቹ እስካሁን አሥራ አራት ግልገል ወልደዋል፤ በረዶው ግን ከመንገዱ ዳር ገና የሰው ቁመት ያህላል።

ሃልቮር፣ ይህን ደብዳቤ ቁጭ ብለህ አንብበው። ልጅህ ኦስኔ በሕይወት አለች። አሁን ይህን ስጽፍ ከጎኔ እግሯን ወንበር ላይ ዘርግታ ብርቱካን እየላጠች ነው። ይህን ያስቀደምኩት እንዳትደነግጥ ብዬ ነው። የሚቀጥለው ግን ያስደነግጣል፤ የእኔም ጥፋት አለበት፤ ስለዚህ ሳትጨርስ አትፍረድብኝ። በስልክ ያልነገርኩህ ስልካችሁ ያለው ምግብ አዳራሹ ውስጥ መሆኑን ስለማውቅ ነው። የቤታችንን ገመና አሥራ ስምንት ሰው ማንኪያውን ይዞ እንዲሰማው አልፈለግሁም።

ባለፉት ሦስት ደብዳቤዎችህ «የአባባ ዓይን እንዴት ነው?» ብለህ ጠይቀኸኛል። እኔም «ደህና ናቸው፣ ያው ዕድሜ ነው» እያልኩ መለስኩልህ። ዋሸሁህ። ከገና በፊት ጀምሮ አባባ ብሎንና ሚስማር የሚለዩት በጣታቸው ነበር። አንድ ቀን ጋዜጣውን ዘቅዝቀው ይዘው «ዛሬም ረብ ያለው ወሬ የለም» ሲሉ ሰምቼ ወጥ ቤት ገብቼ ሳቅሁ፤ ከዚያ እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። መንደሩ በሙሉ ያውቃል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ የማያውቁት እሳቸው ብቻ ይመስለኝ ነበር። ስልሳ ዓመት ሙሉ በዚህ ሸለቆ የበረዶ መንሸራተቻ ስኪ ሲያስሩ የኖሩትን አባታችንን ታርየይን «ዓይንዎ አያይም» ብሎ የሚነግራቸው ማን ነው? እኔ አልቻልኩም።

የሥራ ቤታችንን ሕግ አንተ ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ፤ በአሥራ ሁለት ዓመትህ በሱ የተነሳ በጥፊ ተመትተሃል። ማሰሪያ የሚያስር ሰው ጫማውን ስኪው ላይ የሚይዘውን ብረት ከመግጠሙ በፊት፣ ከብረቱ ሥር ተሸፍኖ በሚቀረው እንጨት ላይ ምልክቱን በቢላ ይቀርጻል። የአባባ ሦስት ጣት ያለው የወፍ እግር ነው፤ የእኔ ሁለት መስመር። ባለምልክቱ በሕይወት እያለም ሌላ ሰው ያንን ብሎን አይፈታም። መፈታቱ ስድብ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በጫማ ነው። ኦስኔን ተራራ ላይ አደጋ የደረሰበትን ሰው የሚያወርደው የአዳኞቹ ቡድን ዘንድሮ ሙሉ አባል አድርጎ ተቀበላት። በደስታ ከኦስሎ አዲስ የፕላስቲክ ጫማ ገዝታ መጣች፤ ቁመቱ እስከ ቅልጥም፣ ድርቅ ያለ፣ ቀለሙ ቢጫ። አባባ ጠረጴዛው ላይ አንኳኩት። «ይሄ ጫማ ነው ወይስ ባልዲ?» አሏት። «ባልዲም ቢሆን ውኃ አያስገባም አያቴ! የርስዎ የቆዳ ጫማ'ኮ ሲርስ የሚሸተው ዓሣ ዓሣ ነው» ብላ መለሰችላቸው። ሳቁ። ከዚያ እሳቸው ራሳቸው ለአሥራ አምስተኛ ዓመቷ ጠርበው የሰጧትን የእንጨት ስኪ አመጣችና ማሰሪያው ለአዲሱ ጫማ እንዲስተካከልላት ለመነቻቸው። ጫማው ከድሮው ስለሚተልቅ ማሰሪያው ጥቂት ወደፊት መግፋት ነበረበት። አባባ በሩን ዘግተው አንድ ቀን ሙሉ ሠሩ። እኔን አላስገቡኝም።

ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ኦስኔ «ግራው ቀጭ ይላል» ማለት ጀመረች። ወደ ግራ ስትዞር፣ ጉልበቷን ስታጥፍ፣ ከጣቷ ሥር ቀጭ። አባባ ደግሞ «ቀጭ የሚለው ጉልበትሽ ነው፤ በደንብ አጥፊው። የከተማ ጫማ ያደረገ ሁሉ መንበርከክ ይፈራል» ይሏታል። እሷም ተናዳ ተመልሳ ወደ ቁልቁለቱ ትወጣለች፤ ማታ ስትመጣ ያው ቀጭ ነው።

የሆሳዕና ዕለት አባባ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ስኪውን ሞርሳ ላይ አሰርኩት። በሽታው ከጫማው ይሁን ከማሰሪያው ለመለየት አንድ በአንድ ሄድኩበት። የጫማው ምንቃር፣ ያ ከፊቱ ወጣ ያለው፣ ደህና ነው፤ ከሥሩ ያሉት ሦስት ቀዳዳዎችም በማሰሪያው ሦስት ጥርሶች ላይ ልክክ ብለው ይቀመጣሉ። በረዶ ጥርሱ ሥር ተጋግሮ ይሆን ብዬ ጠረግሁ፤ የለም። የፕላስቲኩ ውፍረት ከላይ የሚጫነውን መቀርቀሪያ እንዳይዘጋ ከልክሎት ይሆን ብዬ ሞከርኩ፤ እሱም ጥርቅም ብሎ ይዘጋል። በመጨረሻ የጋዜጣ ቁራጭ ቀድጄ በማሰሪያው ብረትና በእንጨቱ መካከል አስጠጋሁና፣ እጄን ጫማው ውስጥ ከትቼ ተረከዙን ወደ ላይ ሳብኩ። ወረቀቱ ሰተት ብሎ ከብረቱ ሥር ገባ።

ካቻቪቴ አንስቼ የኋላውን ብሎን ሞከርኩት፤ ይዞራል፣ ይዞራል፣ አይነክስም። አባባ የድሮውን ቀዳዳ በእንጨት ሽብልቅና በኮላ ደፍነዋል፤ አዲሱን ከዚያ ርቀው መሰርሰር ሲገባቸው፣ ዓይናቸው አልለየላቸውምና እዚያው የደፈኑት ጠርዝ ላይ ሰርስረዋል። ብሎኑ የያዘው እንጨት ሳይሆን ኮላ ነው። የቆዳ ጫማ ቢሆን አብሮ ስለሚታጠፍ ክረምቱን ያሳልፍ ነበር። ያ ቢጫ ጫማ ግን አይለምጥም፤ የኛ ስኪ ተረከዝ አያስርምና ጉልበት በታጠፈ ቁጥር እንደ ዲጂኖ ብሎኑን ይፈነቅለዋል። ጫማውም ጤነኛ፣ ማሰሪያውም ጤነኛ፤ የታመመው ጋብቻቸው ነው።

እንደዚያ ቆሜ ሳለሁ አባባ ከበሩ ደረሱ። ያዩኝ አይመስለኝም፤ የካቻቪቴውን ድምፅ ግን ሰምተዋል። «የኔን ብሎን የሚነካው ማነው?» አሉ። «አባባ፣ የግራው የኋላ ብሎን አይነክስም» አልኳቸው። ፊታቸው ጠቆረ። «ገና አልሞትኩም ቤርጊት። ስሞት ትፈቺዋለሽ። ካቻቪቴውን አስቀምጪ» አሉኝ። አስቀመጥኩት። አርባ ሰባት ዓመት ሆኖኝ፣ ሃያ ዓመት አብሬያቸው ሠርቼ፣ እንደ ሕፃን አስቀመጥኩት። ለኦስኔም አልነገርኳትም፤ ከአዳኞቹ ጋር የፋሲካ ሥራዋ ከመጀመሩ በፊት እሳቸውን በደህና ሰዓት አግባባቸዋለሁ ብዬ ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለውን እያወቅሁ ሦስት ቀን አሳለፍኩ። ጥፋቴ ይህ ነው ወንድሜ፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው።

የጸሎተ ሐሙስ ዕለት ከቀትር በፊት እኔ በረት ውስጥ አንዷን በግ እያዋለድኩ ነበር። ሰማዩ ከምዕራብ በኩል ጠቁሯል። እጄን ታጥቤ ስገባ የኦስኔ ጃኬት የለም፤ ሮጬ ሥራ ቤት ሄድኩ፤ ስኪውም የለም። ባለቤቴ ኤይቪን «ከሞስቫትን ሐይቅ በላይ አንድ ሽማግሌ ወድቀው እግራቸው ተሰብሯል፤ ጉንላይክ መጥቶ ወሰዳት» አለኝ። ጉንላይክ የአዳኞቹ አለቃ ነው። ወደ ተራራው ማረፊያ ቤት ደወልኩ። ጠባቂው «ከሃያ ደቂቃ በፊት ወጥተዋል። ሸንተረሩን ካለፉ ሬዲዮውም አይሰማም። ምን ልበላቸው?» አለኝ። አባባ ከኋላዬ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። ትንፋሻቸውን እሰማለሁ። «ኦስኔ ስኪዋን ትቀይር በላት» አልኩ። «ምን ሆኖ?» አለ። «የግራው ማሰሪያ... ትንሽ ላላ ያለ ይመስለኛል» አልኩት። ላላ ያለ ይመስለኛል! ይነቀላል ማለት አቅቶኝ።

መኪና አስነስቼ ወጣሁ። አባባ ሳልጠራቸው ገብተው ተቀመጡ። ማረፊያ ቤቱ ስንደርስ አውሎ ነፋሱ መስኮቱን ነጭ አድርጎታል። ጠባቂው ሬዲዮውን ደጋግሞ ይጠራል፣ መልስ የለም። አራት ሰዓት ሙሉ እዚያ ቆምን። ሰዎች ቡናማ አይብ በዳቦ አድርገው አቀረቡልኝ፤ አልወርድልህ አለኝ። ከዚያ ሬዲዮው ተንጫጨና የጉንላይክ ድምፅ ቁርጥርጥ ብሎ መጣ፤ «በሽተኛውን ይዘናል... ከኛም አንድ ሰው ወድቋል...» ጠባቂው «ማን? ማን ነው የወደቀው?» ብሎ ጮኸ። ዝም። አባባ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጠርዙን ያዞራሉ፣ ያዞራሉ። የፈሩት ይደርሳል አሉ፤ እኔ ግን ማን እንደሆነ ስም አላስፈለገኝም።

ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ግድም ከጭጋጉ ውስጥ ወጡ። ከፊት በሽተኛው የተጫኑበት ሸርተቴ፣ ከኋላ ልጅህ። የሆነው እንዲህ ነው፤ ከሐይቁ በላይ ባለው ቁልቁለት ኦስኔ ከፊት የሸርተቴውን ዘንግ ይዛ፣ ጉንላይክ ከኋላ ገመዱን እየጎተተ ሲወርዱ፣ ወደ ግራ ስትዞር ማሰሪያው ከነብሎኑ ተመንግሎ ወጣ። ወደቀች፤ ሸርተቴውም ከነሰውየው ጉልበቷ ላይ ወጣባት። ጉንላይክ ገመዱን ወገቡ ላይ ጠምጥሞ በረዶው ላይ ባይቀመጥ ኖሮ ሦስቱም ገደል ይገቡ ነበር። እሷ ግን ስኪውን ፈልጋ፣ ቀበቶዋን ፈታ፣ ጫማውን ከእንጨቱ ጋር ጠፍራ አሰረችና አራት ኪሎ ሜትር መጣች። ጉንላይክ «አንቺን ልጫንሽ» ቢላት «ሽማግሌው ቦታ አይለቁልኝም፤ ደግሞ ያኮርፋሉ» አለችው። ስታየኝ ግን እንደ ልጅነቷ አለቀሰች። ወዲያው በአምቡላንስ ወሰዷት። የጉልበቷ ጅማት ተበጥሷል፤ ሐኪሙ ከቀዶ ሕክምና በኋላ እስከ መከር ትድናለች ብሏል። ምርኩዟን አሁን ለጎረቤት ድመት ማባረሪያ አድርጋዋለች።

ከሄደች በኋላ ጉንላይክ ስኪውን ጠረጴዛ ላይ አጋደመው። ሰው ከበበ። ማሰሪያው የነበረበትን ቦታ በጓንቱ ጠረገና ጎንበስ ብሎ አየ፤ ደግሞ አየ። «ምልክት የለውም» አለ። «የአባባ ታርየይ ሥራ አይደለማ!» ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። «ቤርጊት፣ አንቺ ነሽ እንዲህ ያሰርሽው?» አለኝ። አባባን አየሁ። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረዋል፤ ምንም በማያዩበት መስኮት። አንዲት ቃል እስኪናገሩ ጠበቅሁ። አልተናገሩም። እኔም አልተናገርኩም፤ ዝምታዬን እንደ ማመን ቆጠሩት። «ለአዳኝ ስኪ ኮላ? አፈርኩብሽ» አለኝ ከልጅነቴ ጀምሮ የሚያውቀኝ ሰው።

ሃልቮር፣ የቆጨኝ የሰዎቹ ነገር አይደለም። የቆጨኝ ያ ባዶ እንጨት ነው። በስልሳ ዓመት አንድ ቀን ሳይቀርጹ ብረት ያልጫኑ ሰው እዚህ ላይ አልቀረጹም። ማለት ያውቁ ነበር። አለማየታቸውን ያውቁ ነበር። ስማቸውን ለማኖር ፈሩ፤ ስኪውን ግን ለልጅቷ ሰጧት። እውነቱን ልንገርህ፣ በዚያች ሰዓት አባቴን ጠላኋቸው።

ፋሲካ እንዲህ አለፈ። ጠረጴዛው ላይ የደረቀው የበግ እግር ማንም ሳይቆርጠው ዋለ። ኦስኔ ከሐኪም ቤት ስትመለስ ወሬውን ሰምታ «ያሰሩት አያቴ ናቸው!» ልትል አፏን ስትከፍት «የሳቸውን ነገር ለሳቸው ተይላቸው» አልኳት። እሳቸውን ግን አልማርኳቸውም፤ ምግብ አቀርባለሁ፣ አላናግርም። የመንደሩ ሰው አንድ በአንድ እየመጣ ለጥገና የሰጠኝን ስኪ መውሰድ ጀመረ። «ኧረ ምንም አይደለም፣ ቸኩዬ ነው እንጂ» ይላሉ፤ በረዶው መሟሸሽ ሊጀምር የቀረው ሁለት ሳምንት ሆኖ ምን ያስቸኩላል? ፊቴን ግን አያዩም።

ባለፈው ቅዳሜ ጉንላይክ ራሱ መኪና ይዞ መጣ፤ የቡድኑን አሥራ አንድ ጥንድ ስኪ ሊወስድ። «አትቀየሚኝ ቤርጊት፣ የሰው ነፍስ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። አንድ በአንድ አውጥቼ ማቀበል ጀመርኩ። አምስተኛው ላይ አባባ የበሩን መቃን እየዳበሱ መጡና መሐል ደጃፉ ላይ ቆሙ። «መልሰው» አሉት። ጉንላይክ «አባባ ታርየይ፣ እርስዎ አይልፉበት፤ ከርስዎ ጋር ጠብ የለንም» አላቸው። «ጠቡማ ከኔ ጋር ነው» አሉ። «ያ ምልክት የሌለው የኔ ነው። ያላየሁት ሥራ ላይ ምልክቴን አላኖርም ብዬ ነው የተውኩት። ይቺ አይታዋለች፤ ነግራኛለች፤ አፏን ያስያዝኳት እኔ ነኝ። ማረፊያ ቤቱም ውስጥ ጥያቄህን ሰምቼዋለሁ። ዓይኔ ነው የጠፋው፣ ጆሮዬ ደህና ነው።» ጉንላይክ እጁ ላይ ያለውን ስኪ አየ፣ አባባን አየ፣ ከዚያ አምስቱንም መልሶ ግድግዳው ላይ አቆማቸው። ሲወጣ ኮፍያውን አወለቀላቸው፤ እሳቸው ግን አላዩትም። እኔ ነገርኳቸው። ያን ጊዜ ነው ሁለታችንም ያለቀስነው።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ ሁለታችንም ደብቀን ነበር። አሁን ሺየን ከተማ ያለው ሐኪም ቤት ለግንቦት መጨረሻ ሳምንት ቀጠሮ ሰጥቷቸዋል፤ የዓይን ሞራ ነው፣ ይገፈፋል ብለዋል። እሳቸው ግን «ሃልቮር በእጁ ካልጻፈልኝ አልሄድም» ብለዋል። «ማን ያነብልዎታል?» ብላቸው «አንቺ፤ ግን እንዳትዋሺበት» አሉኝ። ስለዚህ እባክህ ወንድሜ በተመላሹ አውሮፕላን ጻፍላቸው፤ አጭርም ቢሆን። እኔንም ይቅር የምትለኝ ከሆነ እዚያው ላይ ጻፈው፤ ጮክ ብዬ አነበዋለሁ።

ትናንት የኦስኔን ስኪ እንደገና አሰርኩት። የተመነገለውን ቆርጬ አውጥቼ ጠንካራ የበርች እንጨት አስገባሁበት፤ ከማሰሪያው ሥር ረጅም ብረት ዘርግቼ ስድስት ብሎን ርቆ ርቆ እንዲነክስ አደረግሁ። ለዚያ ቢጫ ባልዲ ከዚያ ያነሰ አይበቃውም። አባባ አጠገቤ ተቀምጠው እያንዳንዱን ቀዳዳ በጣታቸው ለኩ፤ ሁለተኛውን «ጠባብ ነው» አሉ፤ እውነትም ጠቦ ነበር። ብረቱን ከመጫኔ በፊት ሁለት መስመሬን ቀረጽኩ። ያን ጊዜ እጃቸውን ዘረጉ። ቢላውን ሰጠኋቸው። ከመስመሮቼ አጠገብ የወፏን እግር ቀረጹ፤ ሦስተኛው ጣት ስቶ ከእኔ መስመር ላይ ወጣ። ላስተካክለው ስል እጄን ያዙኝ። «ተይው» አሉ። «ነገ የሚፈታው ሰው እንዳላየሁ ይወቅ።» ብረቱን በላዩ ላይ አሰርኩት።

ኦስኔ «የናፈቀኝ ጉልበቴ ሳይሆን የአባቴ ጺም ነው» በይው ብላለች፤ ለመከር ስትመጣ፣ በረዶ እንደጣለ ቁልቁለቱ ላይ ትቀድምሃለች። ኤይቪን ሰላም ይልሃል፤ የላክኸውን ሹራብ ጠቦትም ቢሆን ለብሶታል። ጉንላይክ በአክብሮት ሰላምታውን ልኳል፤ «አባቱ በጎ ሴት ልጅ አላቸው፣ እሱም እንዲሁ» በይው ብሏል። ለጣቢያው ባልደረቦችህ ሁሉ፣ ለምግብ አብሳያችሁም ጭምር፣ ሰላምታዬን አቅርብልኝ። አባባ ደግሞ ግንባርህን ስመው፣ «ሲመጣ ፊቱን ማየት እፈልጋለሁ» ብለዋል።

እህትህ ቤርጊት

ራውላን፣ ቴሌማርክ
ኤፕሪል 17 ቀን 1996 እ.ኤ.አ.